ጎል ላይ ማን ይቁም? ከሰፈር ልጆች በረኛ ለማውጣት

የሰፈር ቡድን ሲከፈል አይታችኋል። ሁለት ጉልቤዎች ይቆሙና ተራ በተራ ይመርጣሉ። አንዱ አብዶ የሚያውቀውን ይወስዳል፣ ሌላው ሯጩን። እየተመረጠ፣ እየተመረጠ መጨረሻ ላይ አንድ ልጅ ይቀራል። "በቃ አንተ በረኛ ሁን" ይባላል። ልጁም ጫማውን እየጎተተ ሁለቱ ድንጋዮች መሀል ሄዶ ይቆማል።

ከዚያ ኳስ ትመጣለች። እንዴት እንደምትያዝ ማንም አላሳየውም። በእግሩ መሀል ትሾልካለች። ሜዳው በሙሉ ይጮህበታል፣ ሦስተኛዋ ስትገባ ያለቅሳል፣ የሚቀጥለው ቅዳሜ አይመጣም።

ጅማ ውስጥ የሰፈር ልጆችን ማሠልጠን ስጀምር እኔም እንዲሁ ነበር የማደርገው። ጥሩ ተጫዋች ጎል ላይ አይባክንም እያልኩ የተረፈውን ልጅ አቆም ነበር። በዚህ ምክንያት ከኳስ የሸሹትን ልጆች ሳስብ አሁንም ይቆጨኛል። ዛሬ የምከተለው አካሄድ ሌላ ነው። ሁሉም ልጅ ጎል ላይ ተራ አለው። መውደቅ ከመማሩ በፊት መያዝ ይማራል። ጎል ሲገባ ቡድኑ ምን እንደሚል ደግሞ እንደ ኳሱ ሁሉ ልምምድ ይደረግበታል።

የምጽፈው ከ8 እስከ 13 ዓመት ላሉ፣ ክለብ ለሌላቸው፣ ከትምህርት መልስና ቅዳሜ ጠዋት ለሚጫወቱ ልጆች አሠልጣኝ ነው። ታላቅ ወንድም ብትሆኑም፣ አስተማሪም፣ እናትም ያው ነው።

መጀመሪያ ሁሉም ይቁም

በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት በረኛ አትምረጡ። በእያንዳንዱ ልምምድ ላይ ለ10 ደቂቃ ሁሉም ጥንድ ጥንድ ሆኖ ኳስ በእጁ ይያዝ። ጨዋታ ሲጀመር በየ5 ደቂቃው ፊሽካ ንፉና በረኛ ቀይሩ። "እኔ እኮ አጥቂ ነኝ" የሚል አይጠፋም። እሱም ይገባል።

ይህን የማደርገው በሁለት ምክንያት ነው። ጎል ላይ ቆሞ የማያውቅ ልጅ በረኛ ላይ ለመጮህ ይቀናዋል፤ ቆሞ ሁለት ከገባበት በኋላ ግን ድምፁ ይቀንሳል። ሁለተኛው፣ በረኛ ይታመማል፣ ይጎዳል፣ አያቱ ጋ አጋሮ ይሄዳል። ያን ቀን ሌላ ሰው ያስፈልጋችኋል።

በትልቁ ኳስም ደርሶብናል። በ2005 ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ፣ ከዛምቢያ ጋር በነበረው የመጀመሪያ ጨዋታ ገና በመጀመሪያው አጋማሽ በረኛችን ጀማል ጣሰው ቀይ ካርድ አየ። ዘሪሁን ታደለ ተቀይሮ ገባ፣ በ10 ሰው ተጫውተን 1ለ1 ወጣን። ከናይጄሪያ ጋር በነበረው ሦስተኛ ጨዋታ ደግሞ በረኛው ሲሳይ ባንጫ በቀይ ወጣ። ቅያሪ አልቆ ነበር። የመሀል ሜዳ ተጫዋቹ አዲስ ህንፃ ጓንት አጥልቆ ለሪጎሬ ቆመ። ይህ በብሔራዊ ቡድን ከደረሰ በሰፈር ቡድን በየወሩ ይደርሳል።

በእነዚህ አራት ሳምንታት ደብተር ይዛችሁ ሦስት ነገር ብቻ ተመልከቱ። ኳስ ስትመጣ ዓይኑን የማይጨፍነው ማን ነው? ከእጁ ያመለጠችውን ኳስ ሮጦ የሚያሳድደውስ? ተራው ካለቀ በኋላ "ትንሽ ልቆይ?" የሚለውስ? ቁመት አትመልከቱ። የ10 ዓመት ልጅ ረጅም ነው ብላችሁ በረኛ ብታደርጉት በ14 ዓመቱ ጓደኞቹ ሊበልጡት ይችላሉ።

ቅልልቦሽ የሚጫወቱ ልጆችንም ልብ በሉ። እኛ ጋ ምርጥ እጅ ያላት የ10 ዓመት ልጅ ናት። ኳስ መምታት ብዙ አትወድም። ወንድሟን ተከትላ መጥታ ሜዳ ዳር ከጓደኞቿ ጋር ጠጠር ስትጫወት ነው ያየኋት። አንዷን ጠጠር ወደ ላይ ትለቅና መሬት ያሉትን ዘግና፣ ዓይኗን ከላይኛዋ ሳትነቅል፣ ስትወርድ በዚያው እጇ ትቀበላለች። ከበረኛ የሚፈለገው ይኸው ነው፤ ዓይን ኳስ ላይ፣ እጅ ለስላሳ። አሁን ሁሉም ልጆች ልምምድ ከመጀመራቸው በፊት አምስት ደቂቃ ቅልልቦሽ ይጫወታሉ። ወንዶቹ መጀመሪያ "የሴት ጨዋታ" ብለው አፍረው ነበር። እሷ በተከታታይ ስታሸንፋቸው ዝም አሉ።

ሜዳ፣ ኳስ፣ ልብስ

ሜዳውን ራሳችሁ ዙሩት። የጠርሙስ ስባሪ፣ ቆርኪ፣ ሽቦ፣ ሹል ድንጋይ ልቀሙ። በረኛ መሬት ላይ የሚወድቅ ሰው ስለሆነ ከጎሉ ፊት ያለውን ቦታ ሁለት ጊዜ እዩት።

ጎሉ ይጥበብ። የአዋቂዎች ጎል ስፋቱ 7.32 ሜትር፣ ቁመቱ 2.44 ሜትር ነው። አንድ ሜትር ከሠላሳ የሆነ ልጅ እዚያ ውስጥ ቢቆም ምንም ቢማር ጥቅም የለውም፤ ከላዩ ያለፈችዋ ሁሉ ጎል ናት። እስከ 10 ዓመት ላሉት አራት ሰፋ ያለ እርምጃ፣ ለ11ና 12 ዓመት ልጆች 5 ሜትር ገደማ ይበቃል። ድንጋይ አስቀምጣችሁ የምትጫወቱ ከሆነ "ከላይ ነው! አይደለም!" የሚል ጭቅጭቅ አያልቅም፣ ያንን ጭቅጭቅ ደግሞ ሁልጊዜ የሚሸነፈው በረኛው ነው። ሁለት የባህር ዛፍ እንጨት ተክላችሁ በላዩ ሲባጎ ወጥሩ። ከሲባጎው በላይ ጎል የለም።

የሚንቀሳቀስ የብረት ጎል ካላችሁ መሬት ላይ ሳይታሰር ልጅ እንዳይጠጋው። ልጆች አግዳሚው ላይ ይንጠለጠላሉ፣ ጎሉም ይገለበጣል። በዚህ የሞቱ ልጆች በየአገሩ አሉ። በሽቦና በችንካር እሰሩት። ካልቻላችሁ አስተኙትና በድንጋይ ተጫወቱ።

ኳስ ከ8 ዓመት በታች ቁጥር 3፣ ከ8 እስከ 12 ቁጥር 4፣ ከ13 በኋላ ቁጥር 5። ቁጥር 5 ከ410 እስከ 450 ግራም ይመዝናል፤ በአንድ ጎረምሳ ተመትቶ የ9 ዓመት ልጅ የእጅ አንጓ ላይ ሲያርፍ ቀልድ አይደለም። ያላችሁ ቁጥር 5 ብቻ ከሆነ ትንሽ አስተንፍሱት። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደግሞ የካልሲ ኳስ ከሁሉም ይሻላል። አሮጌ ካልሲ በጨርቅ ሞልታችሁ በሲባጎ ጠምዝዙት። አያምም፣ አይነጥርም፣ ልጁም ከመፍራት ይልቅ በእጁ ላይ ያተኩራል።

ልብስ ረጅም እጅጌና ረጅም ሱሪ። አሮጌ ሹራብ ጥሩ ነው። ጓንት መጀመሪያ ላይ አያስፈልግም። ርካሹ ጓንት የሚያዳልጥ ፕላስቲክ ስለሆነ ባዶ እጅ ይሻላል። ጥፍር ይቆረጥ፣ ቀለበትና ሰዓት ይውለቅ።

አቋቋም

እግር በትከሻ ስፋት ይከፈት፣ ጉልበት ትንሽ ይጠፍ፣ ክብደት ወደ እግር ፊት ለፊት ይምጣ። ተረከዙ ስር ወረቀት ብታስገቡ መውጣት አለበት። እጆች ከወገብ ከፍ ብለው፣ ከሰውነት ወጣ ብለው፣ መዳፍ ወደ ኳሱ። ጭንቅላት ቀጥ።

ልጆች የሚሳሳቱት ሁለት ቦታ ነው። አንዱ እጅን ጉልበት ላይ ማሳረፍ ነው። እጅ ከጉልበት ተነስቶ ፊት እስኪደርስ ኳሷ መረብ ውስጥ ናት። ሌላው ሲመታ እየዘለሉ መጠበቅ ነው። አየር ላይ ያለ ልጅ ወደየትም መሄድ አይችልም። አጥቂው እግሩን ወደ ኋላ ሲስብ በረኛው ትንሽ ይነሳና፣ ኳሷ ስትመታ ሁለቱም እግሮቹ መሬት ላይ ይሁኑ። እኔ "ሲያነሳ ተነስ፣ ሲመታ ተቀመጥ" እያልኩ ነው የማስተምረው።

እጅ፤ እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ

ከሁሉም በላይ ሰዓት የምታጠፉት እዚህ ነው። ሁለት ወር ይፍጅ። ልጆች ራሳቸውን ወደ ጎን መወርወር ይፈልጋሉ፣ በዲኤስቲቪ ያዩት እሱን ነውና። አትቸኩሉ። ወደ ልጅ ጎል ከሚመጡት ኳሶች አብዛኞቹ ቀጥታ ወደ በረኛው የሚመጡ ናቸው፤ የሚገቡትም ስላልያዛቸው ነው።

ከደረት በላይ ለሚመጣ ኳስ፦ መዳፎች ወደ ፊት፣ ጣቶች ተከፍተው ወደ ላይ፣ ሁለቱ አውራ ጣቶች ሊነካኩ ሲደርሱ። በአውራ ጣቶቹና በጠቋሚዎቹ መካከል ትንሽ መስኮት ትኖራለች። ልጁ ኳሱን በዚያች መስኮት ያያታል። ኳሷ ስትነካው ክርኑ ይጠፍ፣ እንቁላል እንደሚቀበል ሰው ወደ ራሱ ያምጣት። ክርኑ ደርቆ ከጠበቃት ትነጥራለች።

ለሆድና ለደረት፦ ክንዶች ከታች ይመጣሉ፣ መዳፍ ወደ ላይ፣ ሕፃን እንደማቀፍ። ኳሷ ደረት ላይ ስታርፍ ትከሻ ወደ ፊት ይታጠፍና ይሸፍናታል።

ለመሬት ኳስ፦ ትንንሽ ጣቶች ይጠጋጉ፣ መዳፍ ወደ ኳሱ፣ ከወንዝ ውሃ እንደሚጨልፍ። አንዱ ጉልበት ወደ ጎን ወርዶ ከኋላ ያለውን ቀዳዳ ይዝጋ። እጅ ቢስት እግር አለ። "በእግሩ መሀል ሾለከ" የሚባለው ነገር የሚቀረው በዚህ ነው፤ ሁለት እግሩን ከፍቶ ከወገቡ ብቻ የሚጎነበስ ልጅ በር ከፍቶ የተቀመጠ ነው።

የማሠራው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ልጁ መሬት ላይ ይቀመጣል ወይም ይንበረከካል፣ እኔ ሦስት እርምጃ ርቄ በእጄ እወረውርለታለሁ። 20 በደረት፣ 20 ከጭንቅላት በላይ። ከዚያ ቆሞ 20 የመሬት ኳስ። ገና አልመታሁም። ከ20 ውስጥ 17ቱን ሲይዝ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እሄዳለሁ። ከ12 በታች ከሆነ አንድ እርምጃ እጠጋለሁ። በእግር መምታት የምጀምረው ስድስት እርምጃ ላይ ሆኜ በእጄ ስወረውርለት በደንብ ሲይዝ ነው፣ ያኔም በእግሬ ውስጠኛ ክፍል፣ በቀስታ። ትልልቆቹ ልጆች በኃይል እንዲመቱበት በፍጹም አትፍቀዱ። ልምምድ አይደለም ያ፤ ልጁ የሚማረው ፊቱን ማዞር ብቻ ነው፣ አንዴ ፊቱን ማዞር የለመደን ልጅ መመለስ ደግሞ ወራት ይፈጃል።

እግር

በረኛ ኳስ ጋ የሚደርሰው በእግሩ ነው። ወደ ጎን ሲሄድ እግሮቹ አይጠላለፉ፤ አንዱ ይሄዳል፣ ሌላው ይከተላል። የሰኞ ማክሰኞ ጨዋታን መስመር መሬት ላይ ሥሩላቸውና በአንድ እግር፣ በሁለት እግር፣ ወደ ጎን አስኬዷቸው። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ሁለት ጫማ በሦስት ሜትር ርቀት አስቀምጡና ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደ በየጫፉ አንድ ኳስ ይያዝ።

ሲባጎው፣ ወይም የት ልቁም?

"ቦታህን ያዝ!" ብሎ መጮህ ምንም አያስተምርም። ማሳየት ይቻላል።

ረጅም ሲባጎ ውሰዱ። አንዱን ጫፍ ከግራው ቋሚ፣ ሌላውን ከቀኙ እሰሩ። መሀሉን ጎትታችሁ ኳሱ ያለበት ቦታ ላይ በድንጋይ አስይዙት። አሁን መሬት ላይ ሦስት ማዕዘን አለ። ልጁን መጀመሪያ መስመሩ ላይ አቁሙትና እጁን እንዲዘረጋ ንገሩት። በግራም በቀኝም ከእጁ እስከ ሲባጎው ብዙ ቦታ አለ። ከዚያ ወደ ኳሱ አንድ እርምጃ ይምጣ። ሌላ አንድ። ሌላ። ሲባጎው እየጠበበ እየጠበበ መጥቶ እጁ ሊነካው ይደርሳል። ያን ጊዜ ፊቱን እዩ፤ "እንዴ! ጠበበ!" ይላል። ከዚያ ቦታ ቀይሩና እሱ ኳሱ ጋ ተቀምጦ ሌላ ልጅ ወደ ፊት ሲመጣ ይይ። አጥቂው ምን ያህል ጎል እንደሚታየው በዓይኑ ያያል።

ኳሱን ወደ ጎን አንቀሳቅሱት፣ ሲባጎውም አብሮ ይሂድ። በረኛው ሁልጊዜ ሦስት ማዕዘኑ መሀል ነው። አንድ ነገር ብቻ ጨምሩ፦ በጣም ከወጣ በአናቱ ላይ ይለቁበታል። ለልጅ ከመስመሩ ሁለት ሦስት እርምጃ መውጣት ይበቃዋል።

መውደቅ

እጁ ከተገራ በኋላ፣ ወደ ሦስተኛው ወር አካባቢ፣ መውደቅ ይምጣ። ለዚህ ፍራሽ ያስፈልጋል፣ ጅማ ላይ ደግሞ የቡና ጆንያ አይጠፋም። እኔ መጀመሪያ የሞላሁት በርጩማ ከሚሠሩ አናጢዎች ባመጣሁት ሰጋቱራ ነበር። አንድ ዝናብ መታውና ድንጋይ ሆነ። ቀጥዬ የቡና ገለፈት ሞላሁ። ቀላል ነው፣ ይተነፍሳል፣ በነፃ ይገኛል። አቧራው ግን ልጆቹን ስላስነጠሳቸው አሁን መጀመሪያ በማዳበሪያ ከረጢት አደርገዋለሁ፣ ከዚያ ጆንያ ውስጥ እከተውና አፉን በጆንያ መስፊያ መርፌ እሰፋለሁ። እስከ አፉ አትሙሉት። ጢም ካለ ክብ ይሆንና ልጁን ያንከባልለዋል። ሁለት ሦስተኛ ሞልታችሁ በእግራችሁ ረግጣችሁ አስተኙት። ሦስት ጆንያ ጎን ለጎን ከተሰፋ አልጋ ይሆናል።

ከዝቅተኛው ይጀመር። ልጁ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጥ፣ ኳስ በሁለት እጁ ይያዝና ወደ ጎን ይጋደም። ከዚያ ተንበርክኮ። ከዚያ ቁጢጥ ብሎ። መጨረሻ ላይ ቆሞ። ከአንዱ ወደ ሌላው የምታልፉት ያለ ፍርሃት ሲወድቅ ነው፤ ሳምንትም ሊወስድ ይችላል፣ ወርም።

መሬት የሚነካው ቅደም ተከተል አለው፦ የባት ጎን፣ የጭን ጎን፣ ዳሌ፣ የትከሻ ጎን። ሆድ አይደለም፣ ክርንም አይደለም። በተዘረጋ ባዶ እጅ መሬትን መደገፍ አንጓ ይሰብራል። ኳሷን ሲይዛት ደግሞ አንድ እጅ ከኋላዋ፣ አንድ እጅ ከላይዋ፣ መሬት ከታችዋ ይሁን። መሬት ሦስተኛ እጅ ሆና ትይዝለታለች።

ሁሉም ልጅ አንድ ጎን ይቀናዋል። ደካማውን ጎን ቀድማችሁ አሠሩ፣ ገና ሳይደክመው። ከ11 ዓመት በታች ላሉት በአንድ ልምምድ በየጎኑ ከ8 በላይ አላስወድቅም። "ኮች፣ አንድ ብቻ!" ይላሉ። ነገ አለ።

ብቻውን ለመጣ አጥቂ እግር ስር መግባትን ከ12 ዓመት በፊት አታስተምሩ። ትንንሾቹ ወጥተው፣ ቆመው፣ እጃቸውን ዘርግተው ጎሉን ይሸፍኑ፤ ያ ይበቃል። በእናንተ ሜዳ ደግሞ አንድ የማይሻር ሕግ ይኑር፦ በረኛው እጁን ኳስ ላይ ካሳረፈ ማንም እግሩን አያነሳም። የጨዋታው ሕግም ቢሆን ኳስ በእጁ የተቆጣጠረን በረኛ መጋፋት ይከለክላል። ይህን የጣሰ ልጅ፣ ምርጡ አጥቂያችሁም ቢሆን፣ የዚያን ቀን ይቀመጣል።

ድምፅና ማቀበል

በረኛ ሁሉንም ከፊቱ ያያል፣ ስለዚህ ይናገር። ግን ረጅም ነገር አይደለም። አንድ ቃል ተስማሙ። የኛ ልጆች ግማሾቹ "የኔ!" ይላሉ፣ ግማሾቹ በኦሮምኛ "ካንኮ!" (የኔ)፣ እና አንድ ቀን በረኛው "ካንኮ!" ሲል ያልገባው ተከላካይ ዘሎ በጭንቅላቱ ወደ ራሱ ጎል አስገባ። ከዚያ ወዲህ በድምፅ ብልጫ "ካንኮ" ሆኗል። የትኛውም ይሁን፣ አንድ ይሁን። ዓይናፋር ልጅ ካላችሁ ቅልልቦሽ ሲጫወት ጠጠሯን በያዘ ቁጥር ቃሉን ጮክ ብሎ ይበል። ሲቆይ አፉ ይለምደዋል።

ከያዘ በኋላ ዝም ብሎ ወደ ሰማይ አይምታ። መሬት ለመሬት አንከባሎ ወደ ጎን ለቆመ ልጅ ይስጥ፣ መሀል ላይ አይስጥ። የሰዓቱን ሕግም ይወቅ፦ ከፈረንጆቹ 2025 ጀምሮ በረኛ ኳስ በእጁ ከ8 ሰከንድ በላይ ከያዘ ለተጋጣሚ ኮርና ይሰጣል፤ ዳኛው የመጨረሻዎቹን አምስት ሰከንዶች በእጁ እያሳየ ይቆጥራል። ድሮ 6 ሰከንድና ቅጣት ምት ነበር። የራሱ ተጫዋች ሆን ብሎ በእግሩ የመለሰለትን፣ ወይም ከመስመር በእጁ የወረወረለትን ኳስ በእጁ አይነካም።

ጎል ሲገባ

በረኛ የሚጠፋብን እዚህ ላይ ነውና ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ጎል ከገባ በኋላ ያለው አንድ ደቂቃ ልምምድ ይፈልጋል። እኛ እንዲህ እናደርጋለን። ለበረኛው ቅርብ የሆነው ተከላካይ ሮጦ ኳሷን ያነሳል፤ በረኛው አጎንብሶ አያወጣም። አምጥቶ እጁ ላይ ያስቀምጥና "ቀጥል" ይለዋል። የቀረው ቡድናችንም "ቀጥል!" ይላል። ሌላ ቃል የለም። በልምምድ ላይ ሆን ብለን ጎል አስገብተን ይህን እንለማመዳለን። መጀመሪያ ይስቃሉ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ሳያስቡት ያደርጉታል።

እናንተም ያን ጊዜ አትምከሩ። "እጅህን ዝቅ ብታደርግ ኖሮ" የሚለው ነገር እውነት ቢሆንም የሚሰማ ጆሮ የለውም። ማክሰኞ ልምምድ ላይ ንገሩት። ያኔም ከጎሉ አትጀምሩ፤ ኳሷ መጀመሪያ የጠፋችው የት ነው? ብዙ ጊዜ መሀል ሜዳ ላይ ሦስት ልጆች አልፋ ነው የመጣችው። ይህን ለመላው ቡድን በጠጠር መሬት ላይ አሳዩ።

ወላጆች ደግሞ አሉ። አንድ ቅዳሜ ከሄርማታ ሰፈር ልጆች ጋር ስንጫወት የበረኛችን አባት ከጎሉ ጀርባ ቆመው ነበር። ሁለተኛዋ ስትገባ "ምን ነክቶሃል! ዓይንህ የት ነው!" አሉት። ልጁ ከዚያ በኋላ ኳሱን ትቶ አባቱን ብቻ ያይ ጀመር። ሄጄ "ጋሼ፣ እባክዎ ከኔ ጋ ይቀመጡ፣ ሥራ አለኝ ለርስዎ" አልኳቸው። በርጩማዬን ሰጠኋቸው፣ ደብተርና እስክሪብቶም። "የያዛትን ኳስ ሁሉ በጭረት ይመዝግቡልኝ፣ የገባችውን ይተዋት።" መጀመሪያ ቅር ብሏቸው ነበር። ጨዋታው ሲያልቅ ደብተሩ ላይ አስራ አንድ ጭረት ነበር። አባትየው ራሳቸው ልጁን ጠርተው አሳዩት፣ በጣታቸው እየቆጠሩ። "አስራ አንድ! እኔ እንኳ ሦስት የያዝክ ነበር የመሰለኝ" አሉት። ልጁ ዝም ብሎ ጭረቶቹን ያይ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየግጥሚያው የበረኛው ቤተሰብ ደብተር ይይዛል።

የግጥሚያ ቀን

ሁለት በረኛ አዘጋጁ፣ ግማሽ ግማሽ ይጫወቱ። ያልቆመው ሜዳ ውስጥ ይጫወት እንጂ አይቀመጥ። አንድ ልጅ ከ13 ዓመቱ በፊት በረኛ ብቻ እንዲሆን አልፈቅድም፣ ራሱ ቢለምነኝም። እግሩም ያስፈልገዋል።

ማሟሟቂያው 12 ደቂቃ ይሁን። ሩጫ፣ 20 የእጅ ኳስ፣ 10 የመሬት፣ በየጎኑ ሦስት ውድቀት፣ ጥቂት ቀላል ምት። ፊሽካ ከመነፋቱ በፊት ያለችው የመጨረሻ ኳስ እጁ ውስጥ የምትቀር ትሁን፤ ቀስ አድርጋችሁ ምቱለት። ሪጎሬ ካለ ከ11 ሜትር ይመታል፣ ሲመታ የአንድ እግሩ ክፋይ መስመሩ ላይ ይኑር። ለልጅ ሌላ ዘዴ አትንገሩት። አንዱን ጎን ይምረጥና ይሂድ። ሪጎሬ ገባበት ተብሎ የሚወቀስ በረኛ የለም፣ ይህንንም ከጨዋታው በፊት ለቡድኑ ንገሩ።

ትልልቆቹ ልጆች አሁንም ስለ 2010 ያወራሉ፣ የከተማችን ክለብ ጅማ አባ ጅፋር ባደገበት ዓመት የፕሪምየር ሊጉን ዋንጫ ስለወሰደበት። ጎል ላይ የነበረው ጋናዊው ዳንኤል አጄይ ነበር። ያን ሰሞን በየሰፈሩ "እኔ ዳንኤል ነኝ" እያሉ ጎል የሚሻሙ ልጆችን አይቻለሁ። ፍላጎቱ ከመጣ አትግፉት፣ ተራ ብቻ አስይዙት።

ሲያመው

የልጅ አጥንት ጫፉ ገና እያደገ ስለሆነ ለስላሳ ነው። ወለምታ የሚመስለው ስብራት ሊሆን ይችላል። አንጓው ወይም ጣቱ አብጦ ካመመው፣ በተለይ አጥንቱን ስትነኩት ካመመው፣ አትጎትቱ። ወጌሻ ጋ ከመሄዱም በፊት ራጅ ይነሳ።

ጭንቅላቱን ከተመታ ከቋሚም ጋር ይሁን ከጉልበት ጋር፣ "ደህና ነኝ" ቢልም፣ የዚያን ቀን ጨዋታ አበቃ። ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ ከበረታ፣ ከተወላገደ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ቶሎ ሐኪም ቤት። ይህን ለወላጆቹ ሳትነግሩ ወደ ቤት አትላኩት።

ዝናብ

የጅማ ዝናብ ክረምት ብቻ አይጠብቅም፣ ክረምት ደግሞ ትምህርት የሚዘጋበትና ልጆቹ ሙሉ ቀን ሜዳ ላይ የሚውሉበት ጊዜ ነው። ጠዋት ተለማመዱ፣ ከሰዓት በኋላ ይወርዳልና። በእርጥብ ኳስ ጊዜ "ያዝ" ማለት ትቼ "ዝጋ" እላለሁ፤ እጁ ቢያዳልጠው ደረቱ ወይም ጉልበቱ ከኋላ እንዲኖር። እርጥብ ሣር ላይ የመሬት ኳስ ፍጥነት ስለሚጨምር በረኛው ከወትሮው ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ይቁም። መብረቅ ከተሰማ ሁሉም ቤት ይግባ።

ጓንት ካላችሁ ከጨዋታ በኋላ በለብታ ውሃ እጠቡት፣ ጋዜጣ ወትፋችሁ ጥላ ላይ አድርቁት። ከሰል ምድጃ አጠገብ አታስጠጉት፣ መዳፉ ይሰነጣጠቃል። ጆንያዎቹን ደግሞ ከዝናብ አንሱ። የኛን የሚያድሩት አንዲት እናት ቤት፣ በረንዳ ላይ ነው። በየሁለት ወሩ እንከፍታቸውና የሻገተውን ገለፈት እንደፋለን፣ ልጆቹ አዲስ ተሸክመው ይመጣሉ፣ ሞልተን እንሰፋለን።